ከመማሪያ ክፍል የመነጨ ሰዋስው፦ የቼ ህየንቤ የኮሪያኛ ስነ ልሳንና የቋንቋ ማስተማር ሕይወት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናታዊ ጽሑፍ የኮሪያኛ ሰዋስው ሊቅና መምህር የነበሩትን የቼ ህየንቤን (1894–1970) ምሁራዊ ሕይወት ይመረምራል። ጥናቱ የሚነሣበት ጥያቄ «የቋንቋ ሳይንስና ቋንቋን ማስተማር በአንድ ምሁር ሥራ ውስጥ ምን ዓይነት ግንኙነት አላቸው?» የሚል ነው። ለዚህም ሦስት ጉዳዮች ተመርጠዋል፤ የቃል ወሰን ጥያቄ፣ «ነው» የሚለውን ፍቺ የሚሰጠው የኮሪያኛ ቃል አመዳደብ እና የሰዋስው ስያሜዎች ክርክር። ከትንተናው የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከማስተማር የመነጩት የትንተና ውሳኔዎች ደራሲው ሥልጣን ካጡ በኋላም ጸንተዋል፤ በሥልጣን ላይ ተደግፈው የገቡት የሰዋስው ስያሜዎች ግን በአብዛኛው በሌላ ውሳኔ ተሽረዋል። በማጠቃለያው ይህ ውጤት ለአማርኛ ጥናት ያለው ጠቀሜታ ተመልክቷል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኮሪያኛ፣ የቃል ወሰን፣ የቃል ክፍሎች፣ የትምህርት ቤት ሰዋስው፣ ቋንቋ ማስተማር

1. መግቢያ

በቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ በግልጽ ባይነገርም የሚታወቅ አንድ የደረጃ አሰላለፍ አለ። የቋንቋን አወቃቀር የሚመረምረው ሥራ «ሳይንስ» ይባላል፤ ቋንቋን ስለ ማስተማር የሚደረገው ጥናት ደግሞ ሌሎች የደረሱበትን ውጤት ለተማሪ የማድረስ ተግባር ተደርጎ ይታያል። በዚህ አስተሳሰብ ዕውቀት የሚፈስሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሊቁ ያገኛል፣ መምህሩ ያደርሳል። የድኅረ ምረቃ ተማሪም የጥናት ርእስ በሚመርጥበት ጊዜ ይህ አሰላለፍ ጫና ያሳድርበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የዕውቀት ጉዞ በሁለቱም አቅጣጫ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ለማሳያነት የተመረጠው የኮሪያኛ ጥናት ታሪክ ነው። ምክንያቱም በኮሪያ ዘመናዊው ሰዋስው የተወለደው በዩኒቨርሲቲ የምርምር ማእከል ሳይሆን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዛሬ ኮሪያኛን የሚማር የውጭ አገር ሰው የሚያጋጥሙትም አንዳንድ ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው ክፍል የተነሡ ናቸው።

ጥናቱ የተከተለው ዘዴ ሰነዳዊ ትንተና ሲሆን፣ የሕይወት ታሪኩ የቀረበው የሰዋስው ውሳኔዎቹን ለመረዳት በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተመለከቱ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። የኮሪያኛ ምሳሌዎች በፊደላችን የተጻፉት አናባቢዎቹን በተቻለ መጠን በመጠበቅ ነው። ለምሳሌ ግዕዙ «ሰ» እና ሳድሱ «ክ» የያዟቸው አናባቢዎች በኮሪያኛም ቅርብ አቻ አላቸው፤ ስለዚህ አንባቢው ምሳሌዎቹን እንደ አማርኛ ቢያነብባቸው ከኮሪያኛው ድምፅ ብዙም አይርቅም።

2. የመምህርነት ሥር

ቼ ህየንቤ በ1894 በደቡብ ምሥራቅ ኮሪያ በኡልሳን ተወለዱ። በ1910፣ ጃፓን ኮሪያን በቅኝ ግዛትነት በያዘችበት ዓመት፣ ለትምህርት ወደ ሴኡል መጡ። በዚያም የጁ ሺግየንግን (1876–1914) የኮሪያኛ ትምህርት ተከታተሉ። ጁ ሺግየንግ በ1896 የተመሠረተው «የነፃነት ጋዜጣ» ባልደረባ ሆነው የሠሩ፣ በኋላም ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ያስተማሩ ሰው ናቸው። መጻሕፍታቸውን በጨርቅ ቋጥረው ስለሚዞሩ «ጁ ቋጠሮ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር። «የአገር ቋንቋ ሰዋስው» የተሰኘው መጽሐፋቸው የታተመው በዚያው በ1910 ነው። ዛሬ የኮሪያ ፊደል የሚጠራበት «ሃንግል» የሚለው ስምም ከእርሳቸውና ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ፊደሉ ራሱ ግን እጅግ ይቀድማል፤ ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 አዘጋጅተውት በ1446 በዐዋጅ የወጣ ነው።

ቼ ህየንቤ በመቀጠል ወደ ጃፓን ተሻግረው በሂሮሺማ ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሩ። ከ1920 ጀምሮ በፑሳን አጠገብ በሚገኘው የዶንግኔ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከዚያም በኪዮቶ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1925 ተመረቁ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በኪዮቶ ያጠኑት ስነ ልሳንን ሳይሆን ፍልስፍናንና ስነ ትምህርትን መሆኑ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውም የስዊዘርላንዳዊውን አስተማሪ የፔስታሎዚን የትምህርት ንድፈ ሐሳብ የተመለከተ ነበር። ስለሆነም በ1926 በሴኡል የዮንሂ ኮሌጅ መምህር ሆነው ሲቀጠሩ ይዘውት የመጡት ጥያቄ «ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ብቻ ሳይሆን «ልጅ ዕውቀትን የሚገነባው እንዴት ነው?» የሚልም ነበር።

የሥራዎቻቸው የኅትመት ቅደም ተከተልም ይህንኑ ያመለክታል። ዋናው ሥራቸው «ኡሪማልቦን» (የቋንቋችን ሰዋስው) ሙሉ ሆኖ የታተመው በ1937 ነው። መጽሐፉ በሦስት ክፍል የተደራጀ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስለ ድምፅ፣ ሁለተኛው ስለ ቃል ክፍሎች፣ ሦስተኛው ስለ ዐረፍተ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀው የሰዋስው መማሪያ በ1934 ቀድሞ ወጥቷል። በተለመደው አሠራር መማሪያ መጽሐፍ የትልቁ ሥራ ቅናሽ ነው፤ እዚህ ግን ትልቁ ሥራ የተጠናቀቀው ትንሹ በተማሪ እጅ ከገባ በኋላ ነው።

3. ቃሉ የት ያልቃል?

ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሱን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። የስሞች ሙያ የሚታወቀው ከስሙ በኋላ በሚለጠፉ ትንንሽ ምዕላዶች ሲሆን፣ እነዚህም በኮሪያኛ «ጆሳ» ይባላሉ። ለምሳሌ «ናሙ» ማለት ዛፍ ነው፤ «ናሙጋ» ሲሆን ባለቤት፣ «ናሙርል» ሲሆን ተሳቢ፣ «ናሙዶ» ሲሆን «ዛፍም»፣ «ናሙማን» ሲሆን «ዛፍ ብቻ» የሚል ፍቺ ይሰጣል። በግሱ በኩል ደግሞ በግንዱ ላይ የሚጨመሩ መድረሻዎች አሉ፤ እነዚህም «ኧሚ» ይባላሉ። «ጋ» የመሄድ ግንድ ነው፤ «ጋጎ» (ይሄድና)፣ «ጋምየን» (ቢሄድ)፣ «ጋታ» (ሄደ) ከዚሁ ግንድ ይወጣሉ።

የመጀመሪያው የሰዋስው ጥያቄ «እነዚህ ጆሳዎችና ኧሚዎች ቃላት ናቸው ወይስ የቃል ክፍልፋዮች?» የሚል ነበር። ለጥያቄው ሦስት መልሶች ተሰጥተዋል። «ናሙጋ ክዳ» (ዛፉ ትልቅ ነው) የሚለውን ዐረፍተ ነገር ብንወስድ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል።

የመጀመሪያው መልስ የጁ ሺግየንግ ነው። እርሳቸው ሁለቱንም ዓይነት ምዕላዶች ራሳቸውን የቻሉ ቃላት አድርገው ስለሚቆጥሩ ዐረፍተ ነገሩ አራት ቃል ይሆናል፤ ናሙ፣ ጋ፣ ክ፣ ዳ። ሁለተኛው መልስ የቼ ህየንቤ ሲሆን፣ ጆሳን ቃል፣ ኧሚን ግን የግሱ አካል ያደርጋል፤ ስለዚህ ቃላቱ ሦስት ናቸው፤ ናሙ፣ ጋ፣ ክዳ። ሦስተኛው መልስ እነ ይ ሱንግንየንግ (1908–1994) የተከተሉት ነው፤ በዚህ ትንተና ሁለቱም የቃል አካል ስለሆኑ ቃላቱ ሁለት ብቻ ይሆናሉ፤ ናሙጋ፣ ክዳ።

የመካከለኛው መልስ መሠረት ቀላል ፈተና ነው፤ ይኸውም «ተናጋሪው ይህን ብቻውን ሊለው ይችላልን?» የሚለው ነው። «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ለተጠየቀ ልጅ «ናሙ» ብሎ መመለስ በቂ ነው፤ ጆሳው ቢቀር ስሙ አይጎድልም። በንግግርም ጆሳው ብዙ ጊዜ ይዋጣል። ግንዱን «ክ» ወይም «ጋ» ግን ማንም ተናጋሪ ብቻውን አይለውም። መድረሻ የሌለው የግስ ግንድ በተናጋሪው አፍ የለም፤ የሚገኘው በሰዋስው ሊቁ ወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ ግንዱን ከመድረሻው ነጥሎ ሁለት ቃል ነው ብሎ ለተማሪ ማስተማር፣ ተማሪው በገዛ አፉ ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር እንዲያምን መጠየቅ ነው።

ይህ መልስ ችግር የሌለበት አይደለም። ቼ ህየንቤም አባል የነበሩበት የኮሪያኛ ቋንቋ ማኅበር በ1933 ባወጣው የተዋሐደ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ቃላት ተራርቀው እንዲጻፉ፣ ጆሳ ግን ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ተያይዞ እንዲጻፍ ተደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ዛሬም ይሠራል። እንግዲህ ጆሳ በሰዋስው ቃል ነው፤ በጽሕፈት ግን ቃል አይመስልም። ሆኖም ይህ ልዩነት በዝንጋታ የመጣ ሳይሆን የዐይንንና የአእምሮን ሥራ ለይቶ የማየት ውጤት ነው። አንባቢው «ናሙጋ»ን በአንድ ዕይታ ይይዘዋል፤ ተንታኙ ግን ሁለት አድርጎ ይፈታዋል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ክርክር በቀላሉ ይረዳዋል። «ን»፣ «ም»፣ «ና» ከቃሉ ተለይተው እንደማይጻፉ ሁሉም ይስማማል። ነገር ግን «ወደቤት» እና «ወደ ቤት»፣ «ስለሆነ» እና «ስለ ሆነ» እየተባለ በሁለት መንገድ ሲጻፍ በየዕለቱ እናያለን። ይህ የጸሐፊዎች ቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ በአማርኛም ቃሉ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ሙሉ ስምምነት አለመኖሩን የሚያሳይ ምልክት ነው።

4. የ«ነው» ጥያቄ

ቼ ህየንቤ በኡሪማልቦን የኮሪያኛን ቃላት በአሥር ክፍል መደቡ፤ ስም፣ ተውላጠ ስም፣ አኃዝ፣ ግስ፣ ቅጽል፣ የስም ገላጭ፣ ተውሳከ ግስ፣ ቃለ አጋኖ፣ ጆሳ እና አንድ ልዩ ክፍል። ይህ ልዩ ክፍል «ኢዳ» (ነው) እና «ኣኒዳ» (አይደለም) የተመደቡበት ነው። «ናሙኢዳ» ማለት «ዛፍ ነው»፣ «ናሙጋ ኣኒዳ» ማለት «ዛፍ አይደለም»፣ «ናሙየታ» ማለት «ዛፍ ነበር» ነው።

የአመዳደቡ ምክንያት የሚከተለው ነው። «ኢዳ» እንደ ጆሳ ከስም ጋር ተያይዞ ይጻፋል፤ ከአናባቢ በኋላም «ኢ» የሚለው ድምፅ ሊዋጥ ይችላል። በዚህ በኩል ጆሳ ይመስላል። በሌላ በኩል ግን እንደ ግስ ይረባል፤ የኃላፊ ጊዜ፣ የአክብሮትና የማያያዣ መድረሻዎችን ሁሉ ይቀበላል። ጆሳ ግን አይረባም። ስለዚህ ከሁለቱ በአንዱ ማስገባት የሌላውን ሕግ ማፍረስ ይሆናል።

በ1963 የትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት ቤት ሰዋስውን ሲያዋሕድ ክፍሎቹ ዘጠኝ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ የተሰረዘውም ይኸው ልዩ ክፍል ነበር። በ1985 በወጣው የመጀመሪያው አንድ ወጥ የመንግሥት የሰዋስው መማሪያና ከዚያ ወዲህ፣ «ኢዳ» ከጆሳዎች፣ «ኣኒዳ» ደግሞ ከቅጽሎች ጋር ይቆጠራል። በዚህም የኮሪያ ተማሪ «ጆሳ አይረባም፤ አንዱ ጆሳ ግን ይረባል» የሚል ሕግ እንዲይዝ ሆነ። አዎንታዊውና አሉታዊውም በሁለት ክፍል ተለያዩ።

ከአማርኛ አንጻር ሲታይ የቼ ህየንቤ አመዳደብ እንግዳ አይደለም። «ነው» እንደ ሌሎች ግሶች አይረባም፤ አሉታው «አይደለም»፣ ኃላፊው «ነበር» ነው። ሦስቱም በመልክ የተለያዩ ቢሆኑም ማንም መምህር በአንድ ትምህርት ውስጥ አያይዞ ያስተምራቸዋል። ኮሪያኛን ለውጭ ሰው የሚያስተምሩ መጻሕፍትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ኢዳ» እና «ኣኒዳ» በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ «ኢዳ»ም ከግሶች ጋር አብሮ ሲረባ ይታያል። ክፍሉ ከአገር ውስጥ መማሪያ ቢሰረዝም ጥያቄው በሌላ ክፍል፣ በሌሎች ተማሪዎች ፊት፣ እንደገና ተነሥቷል።

5. ክፍሉ ሲዘጋ

የሰዋስው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው ከ1938 እስከ 1945 ያለው ዘመን ነው። በ1938 የቅኝ ገዥው መንግሥት ያወጣው የትምህርት ደንብ ኮሪያኛን ከግዴታ ትምህርትነት አውጥቶ በምርጫ የሚሰጥ አደረገው፤ በተግባርም ከትምህርት ቤቶች ጠፋ። በዚያው ዓመት ቼ ህየንቤ በብሔራዊ እንቅስቃሴ ተጠርጥረው ከዮንሂ ተሰናበቱ። በ1941 ወደ ኮሌጁ የተመለሱት በመምህርነት ሳይሆን በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ነበር።

የኮሪያኛ ቋንቋ ማኅበር አባላት ከ1929 ጀምሮ በታቀደው ታላቅ መዝገበ ቃላት ላይ ይሠሩ ነበር። በ1942 በሰሜን ምሥራቅ ኮሪያ ፖሊስ በአንዲት ተማሪ የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ያገኘውን ነገር ተከትሎ ምርመራ ጀመረ፤ ምርመራውም ቀድሞ በተማሪዋ ትምህርት ቤት ያስተማሩና በወቅቱ በመዝገበ ቃላቱ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ዘንድ ደረሰ። ከዚያም የማኅበሩ አባላት ከጥቅምት ወር ጀምሮ ተያዙ። ቼ ህየንቤ የአራት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ይ ዩንጄ እና ሃን ጂንግ የተባሉት ባልደረቦቻቸው በእስር ቤት ሞቱ። ቼ ህየንቤ የተፈቱት በነሐሴ 1945 ጃፓን እጅ ከሰጠች በኋላ ነው።

ለክስ ማስረጃ የተወሰደው የመዝገበ ቃላቱ ረቂቅ በመስከረም 1945 በሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947፣ ስድስተኛውና የመጨረሻው በ1957 ታተመ። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ነጥብ፣ ቅኝ ገዥው ኮሪያኛን ለማዳከም ሲነሣ በመጀመሪያ የዘጋው የመማሪያ ክፍሉን፣ ቀጥሎም የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ማኅበር መሆኑ ነው። ሁለቱ ተያያዥ መሆናቸውን ገዥው ራሱ ተረድቶ ነበር።

6. ከመምህርነት ወደ ሥልጣን

ቼ ህየንቤ ከእስር እንደወጡ በአሜሪካ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር በነበረው የትምህርት መሥሪያ ቤት የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ኃላፊ ሆኑ፤ እስከ 1948 በዚያ ቆይተው በ1951 ወደዚያው ኃላፊነት ተመለሱ። መጻሕፍቱ በሃንግል እንዲዘጋጁና ከግራ ወደ ቀኝ አግድም እንዲጻፉ የተደረገው በዚህ ወቅት ነው። በ1949 ደግሞ የማኅበሩ ሰብሳቢ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል።

በዚህ ምዕራፍ ትልቁ ክርክር ስለ ስያሜዎች የተደረገው ነው። ቼ ህየንቤ የሰዋስው ስያሜዎች ከቻይንኛ ከተወረሱ ቃላት ይልቅ ከኮሪያኛ ሥር እንዲወጡ ይፈልጉ ነበር። ስም «ኢርምሺ»፣ ግስ «ኡምጂክሺ» ተባለ፤ የመጀመሪያው ከ«መጠሪያ»፣ ሁለተኛው ከ«መንቀሳቀስ» የመጣ ነው። የዚህ አሠራር ትምህርታዊ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልጁ ስያሜውን ሲሰማ ፍቺውን አብሮ ይሰማል። ተቃዋሚዎቻቸው ግን፣ በተለይም በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የነበሩት፣ የቻይንኛ መነሻ ያላቸው ስያሜዎች በሌሎች ትምህርቶችም የጸኑ በመሆናቸው አዲሶቹ ሸክም ይጨምራሉ ብለው ተከራከሩ። መንግሥት በ1949 ሁለቱንም ዓይነት ስያሜዎች ጎን ለጎን ፈቀደ። በዚህም ምክንያት በአንዱ ትምህርት ቤት የተማረው በሌላው ትምህርት ቤት ስያሜ ሲጠየቅ ይቸገር ጀመር። በ1963 ውሳኔው ለቻይንኛ መነሻዎቹ አደላ፤ ቼ ህየንቤና ማኅበራቸው አጥብቀው ቢቃወሙም አልተለወጠም።

በዚህ ክርክር ቼ ህየንቤ የባላጋራ ወገን ብቻ አልነበሩም፤ ራሳቸውም የመንግሥትን ወንበር ይዘው የራሳቸውን ትምህርት አስፋፍተዋል። ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪ የአጻጻፍ ሥርዓቱን ወደ ቀድሞው ለመመለስ በፈለጉ ጊዜ ቼ ህየንቤ በተቃውሞ ሥራቸውን መልቀቃቸው ለሙያቸው የነበራቸውን ታማኝነት ያሳያል፤ ዕቅዱም በ1955 ተተወ። ይሁን እንጂ ያው ክሥተት አንድ ሌላ ነገር ያስተምራል፤ በሥልጣን የገባ ሥርዓት በሌላ ሥልጣን ሊነካ ይችላል።

የ1963ቱ ውሳኔ በጥንቃቄ ሲታይ ግን የቼ ህየንቤን ሥራ በሙሉ አልሻረም። ስያሜዎቻቸውንና ልዩ ክፍላቸውን ቢተውም፣ ጆሳን ቃል፣ ኧሚን የቃል አካል የሚያደርገውን መካከለኛ መልስ ተቀብሏል። ዘጠኙ ክፍሎች የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል። ከስያሜዎቹም ቢሆን ሁሉም አልጠፉም። በእርሳቸው ኃላፊነት ዘመን ወደ ሂሳብ መማሪያ መጻሕፍት የገቡት «ጃክሱ» (ተጋማሽ ቁጥር፣ ከ«ጥንድ» የመጣ) እና «ሆልሱ» (ኢተጋማሽ ቁጥር፣ ከ«ነጠላ» የመጣ) ዛሬም የእያንዳንዱ ኮሪያዊ ልጅ ቃላት ናቸው። እነዚህን ያጸናቸው ድንጋጌ ብቻ ሳይሆን ልጆች በየዕለቱ ሲቆጥሩ መጠቀማቸው ነው።

7. ሁለተኛው ክፍል፦ ኮሪያኛ ለውጭ ተማሪ

ዮንሂ ኮሌጅ ወደ ዮንሴይ ዩኒቨርሲቲ ካደገ በኋላ በ1959 በዚያው ግቢ ኮሪያኛን ለውጭ ሰዎች የሚያስተምር ተቋም ተከፈተ። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲው ሳሙኤል ማርቲን (1924–2009) ከሥራ ባልደረባቸው ጋር በ1969 ያሳተሙት የጀማሪዎች መማሪያ፣ ማርቲን በ1992 ላወጡት ግዙፍ የኮሪያኛ ሰዋስው ቀዳሚ ነበር። እዚህም መማሪያው ቀድሞ፣ ትልቁ ሰዋስው ተከትሏል። የኮሪያኛ ብቃት ፈተና በ1997 ተጀመረ፤ በ2005 የወጣው የኮሪያኛ ቋንቋ መሠረታዊ ሕግ የኮሪያኛ መምህርነትን ባለ ሦስት ደረጃ የሙያ ማረጋገጫ ያለው አደረገው። ከኢትዮጵያ ጭምር በኮሪያ መንግሥት የትምህርት ዕድል ለድኅረ ምረቃ የሚሄዱ ተማሪዎችም፣ ቋንቋውን ቀድመው ካልቻሉ በቀር፣ ወደ ዋናው ትምህርታቸው ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ኮሪያኛ ይማራሉ።

ይህ አዲስ ክፍል ለሰዋስው አዲስ ጥያቄ አቀረበ። «ጋል ሱ ኢታ» (መሄድ ይችላል) የሚለውን እንመልከት። በትምህርት ቤት ሰዋስው ይህ ሦስት ቃል ነው፤ «ጋል» ገላጭ መድረሻ የያዘ ግስ፣ «ሱ» ብቻውን የማይቆም ስም (ዘዴ፣ መላ)፣ «ኢታ» ደግሞ «አለ» ማለት ነው። ቃል በቃል «የመሄጃ መላ አለ» እንደማለት ነው። ኮሪያዊው ተማሪ አገላለጹን ከእናቱ ስለተማረ መበተኑ ዕውቀት ይጨምርለታል። የውጭው ተማሪ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙሉው አገላለጽ ነው፤ ሦስቱን ቃላት ለየብቻ ቢያውቃቸውም «መቻል»ን ከእነርሱ አያገኝም። ስለዚህ በ2005 የኮሪያ ብሔራዊ የቋንቋ ተቋም ለውጭ ተማሪዎች ያዘጋጀው ሰዋስው በሁለት ቅጽ ተከፈለ፤ አንደኛው ሥርዓቱን፣ ሁለተኛው አጠቃቀሙን ያብራራል። በሁለተኛው ቅጽ እንዲህ ያሉት ጥምር አገላለጾች ከጆሳና ከኧሚ ጎን ራሳቸውን የቻሉ የትምህርት አሐዶች ሆነው ቀርበዋል።

ይህ የትንተና መላላት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። አንድ የቃላት ጥምረት እንደ አንድ አሐድ የሚያገለግል ከሆነ፣ ይህንን መግለጽ የስነ ልሳን ግዴታ ነው። ጥያቄውን አጣዳፊ ያደረገው ግን በክፍል ውስጥ የተቀመጠው የውጭ ተማሪ ነው። ቼ ህየንቤ «ልጁ ብቻውን ሊለው ይችላልን?» የሚል ፈተና እንደተጠቀሙ ሁሉ፣ የዛሬው መምህርም «ተማሪው ከክፍልፋዮቹ ሊገነባው ይችላልን?» ብሎ ይጠይቃል።

8. ማጠቃለያና የጥናት ጥቆማ

ከላይ ከቀረበው ትንተና ሦስት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ በኮሪያኛ ሰዋስው ታሪክ ዋና ዋናዎቹ የትንተና ጥያቄዎች ከማስተማር ሥራ ጋር ተያይዘው ተነሥተዋል፤ መምህሩ የሳይንሱ አድራሽ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም ነበር። ሁለተኛ፣ በተማሪው አፍ ሊፈተን የሚችል ትንተና ደራሲው ከወንበሩ ከተነሣ በኋላም ይጸናል፤ የመካከለኛው መልስ ዕድሜ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ ማስተማር ለሳይንስ ጥያቄ የማቅረብ መብት ቢኖረውም፣ የመማሪያ መጽሐፍ ዝግጅትን ሥልጣን መያዝ መልሱን ትክክል አያደርገውም። ይህ ለቼ ህየንቤ ስያሜዎችም፣ «ኢዳ»ን ከጆሳ ለደመረው የኋለኛው ውሳኔም እኩል ይሠራል።

ይህ ውጤት ለአማርኛ ጥናት የሚኖረው ጠቀሜታ ቀጥተኛ ነው። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በሰዋስዋቸው በስምንት የመደቧቸው የቃል ክፍሎች፣ በ1987 ዓ.ም. በታተመው በባዬ ይማም ሰዋስው አምስት ሆነዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የታወቀ ነው። መጠናት የሚገባው ግን የመማሪያ ክፍሉ ምላሽ ነው። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማር ልጅ «ወደ»ን፣ «ስለ»ን፣ «እንደ»ን መቼ አያይዞ፣ መቼስ ነጥሎ ይጽፋል? «ነው»፣ «አይደለም» እና «ነበር»ን እንደ አንድ ቤተሰብ የሚይዛቸው በየትኛው ደረጃ ነው? «ሊሄድ ይችላል» እና «መሄድ አለበት»ን በሙሉ አገላለጽ ነው ወይስ በክፍልፋይ የሚማራቸው?

እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የተማሪዎችን የጽሑፍ ሥራ በየክፍል ደረጃው ሰብስቦ የቃላት አለያየታቸውን መቁጠር ለመነሻ ይበቃል። ውጤቱም የማስተማሪያ ዘዴን ከማሻሻል አልፎ የአማርኛ ቃል ወሰን የት እንደሆነ ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥናት የሚያቀርብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሥራው በስነ ልሳን ሊመደብ ይገባል ወይስ በቋንቋ ማስተማር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ኮሪያኛን የሚመለከተው ይህ ታሪክ ጥያቄው ራሱ እንደገና እንዲታይ የሚያስገድድ በቂ ማስረጃ ያቀርብለታል።